ልጅዎ የሚያየው እጁን ነው

ጥያቄ (በአጭሩ የቀረበ)፦ የምኖረው በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ ነው። የ15 ዓመት ልጄ ብላክ ሳባዝ የተባለ የሄቪ ሜታል ባንድ የስንብት ኮንሰርቱን ያቀረበበትን ዲቪዲ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ2 ፓውንድ ገዝቶ፣ በየቅዳሜው ማታ ሳሎን ቁጭ ብሎ ያያል። ጾም እንኳ አልመለሰውም። እኔ እራቴን ቀደም ብዬ ለብቻዬ ስለምበላ ሳሎኑ ለእርሱ ይለቀቅለታል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ያቆመውና ወደ ኋላ መልሶ የጊታር ተጫዋቹን እጅ ደጋግሞ ያያል። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ እጄ በሥራ ላይ ተጎድቶ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ከዓይኔ የሚያመልጥ ነገር የለም። በቅርቡ ደግሞ ክራሬን ከግድግዳ አውርዶ ሲነካካ አግኝቼው ክፉኛ ተቆጣሁት፤ ዲስኩንም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ክፉ መንፈስ ይሆን? ጠበል ልውሰደው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ስጋትዎን አልንቅም። የባንዱ ስም፣ ጥቁር ልብሱና ጩኸቱ ለማያውቀው ሰው ያስፈራል፤ እኔም የዚህ ሙዚቃ ወዳጅ ስላልሆንኩ ቅጂውን ፈልጌ ሳይ ድምፁን ሁለት ጊዜ ቀንሻለሁ። ጠበሉ የእምነትዎ ጉዳይ ነውና በእርሱ አልገባም። ይሁን እንጂ ልጅዎ ከትምህርቱ ስለመጉደሉ፣ ከጓደኞቹ ስለመራቁ ወይም እንቅልፍ ስለማጣቱ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። የጻፉልኝ ስለ አንድ እጅ ነው።

የዚያ እጅ ባለቤት ቶኒ አዮሚ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 እርስዎ በሚኖሩባት በዚያችው በበርሚንግሃም የተወለደ ሰው ነው። በ17 ዓመቱ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ሥራውን ሊለቅ በነበረበት በመጨረሻው ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የመሀልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ የጊታሩን ክሮች የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበርና ነገሩ ያለቀለት መሰለው። በኋላ የሥራ አለቃው የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ጃንጎ በእሳት አደጋ ሁለት ጣቶቹ ከጥቅም ውጭ ሆነውበትም ጊታር የተጫወተ ሰው ነው። አዮሚም ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን ክር ፈለገ፣ ቆይቶም ቅኝቱን ዝቅ አድርጎ ክሮቹን አላላቸው። እርስዎን ያስጨነቀዎት ያ የሚከብድ ድምፅ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ልጅዎ የሚያየው ኮንሰርት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2017 በዚያችው በእናንተ ከተማ የተካሄደው ነው፤ ካሜራው ሲጠጋ በሁለቱ ጣቶች ላይ የተደረጉት ቆቦች ይታያሉ።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ስለ ራስዎ እጅ ያሰፈሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ልጅዎን እንዴት እንደሚከታተሉ ለማስረዳት የገባ ነው። እራትዎን ለብቻዎ እንደሚበሉም የጠቀሱት ሳሎኑ ለምን ባዶ እንደሚሆን ሲነግሩኝ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ቆምኩ። የእኛ ማዕድ የቀኝ እጅ ማዕድ ነው፤ እንጀራ የሚቆረሰውም፣ ለልጅ ጉርሻ የሚሰጠውም በዚያ እጅ ነው። ጣቶቹ አልታዘዝ ያሉት አባት ሰው ሳያየው መብላት ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያኔ 13 ዓመቱ የነበረ ልጅ በአንድ ጊዜ የአባቱን እጅም፣ ጉርሻውንም፣ ክራሩንም፣ አብሮ መቀመጡንም አጥቷል። ስለዚህም ማንም ምንም አልነገረው ይሆናል።

በቤት ውስጥ የማይነሳ ጉዳይ ሲኖር ልጆች መጠየቁን አይተዉትም፤ ጥያቄውን የሚያስተናግድላቸው ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። እጁ ከተጎዳ ሰው ጋር እንዴት ይኖራል? አባቴን አፍጥጬ ባይ ያፍር ይሆን? እርስዎን አፍጥጦ ማየት አልቻለም፤ አዮሚን ግን አቁሞ፣ መልሶ፣ እንደገና ማየት ይችላል፤ የዲስኩ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ አይከትበትም። ልሳሳት እችላለሁ፤ ምናልባትም ጊታር ብቻ ወድዶ ይሆናል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ልጅ ከዚያ ተነስቶ ክራሩን ማውረዱን እንደ ድፍረት ለመቁጠር ይከብደኛል። ቁጣዎም ያረፈው በልጁ ላይ ቢሆንም የተነሳው ከልጁ አይመስለኝም። በዚህ ረገድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከእርስዎ ይልቅ ከልጅዎ ጎን እቆማለሁ። ደግሞም በየቅዳሜው ከኮሪደሩ ሆነው፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያቆመው እስኪያውቁ ድረስ ኮንሰርቱን አብረውት አይተዋል፤ ያልተቀመጡ እንደሆነ ነው እንጂ።

ምን ያድርጉ ለሚለው ብዙ አልልም፤ ከሩቅ ሆኖ መምከርም ልክ አለው። ዲስኩን ከቁም ሳጥኑ አውጥተው ቦታው ቢመልሱለት ጥሩ ነው፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከቻሉ በአንድ ቅዳሜ ከጎኑ ይቀመጡ፤ ስለ እጅዎ በዚያው ምሽት መነጋገር የለባችሁም፣ ምናልባት ከወራት በኋላ ይሆናል። እራቱ ከሁሉም ሊከብድዎት ስለሚችል በማንኪያም ቢሆን በግራም ቢሆን በራስዎ ጊዜ ይመለሱበት። የሁለት ዓመት ኀዘን ግን ለብቻ የሚያዝ ሸክም አይደለምና፣ በአካል የሚያነጋግርዎት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያገኙ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ እንግሊዝ አገር በቤተሰብ ሐኪምዎ በኩል መጠየቅ ይቻላል፣ አስተርጓሚም ይጠይቁ። ለእጅዎ የፊዚዮቴራፒ ክትትሉን አቋርጠው እንደሆነም በዚያው ያንሱት።

ክራሩን በተመለከተ፣ ልጁ ይምታው፣ እርስዎ ቅኝቱን ያስተካክሉለት፤ ትዝታን ከባቲ የሚለይ ጆሮ አልተጎዳብዎትም። ሁለት ዓመት ግድግዳ ላይ የቆየ ክር ሲወጠር ሊበጠስ ይችላልና መለዋወጫ አስቀድመው ቢገዙ ይሻላል።