ዘፈኑ አልቋል፤ አድማጩስ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ዙሪያቸው አንድ ነው። ጠያቂዎቹ አሳታሚም ማኔጀርም የሌላቸው ሙዚቀኞች ናቸው። ግጥሙንም ዜማውንም ቀረጻውንም በራሳቸው አቅም ይጨርሳሉ። ከዚያ ኢንተርኔቱ ላይ ሲደርሱ ግራ ይገባቸዋል። ነገሩ እኔንም ያንገበግበኛል፤ ስንት ጥሩ ዘፈን ሰው ጆሮ ሳይደርስ ሲቀር አይቻለሁ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዬ ትናንት አለቀ። ዛሬ ማታ ልለቀው ነው። ጓደኞቼ "ቆይ" ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጓደኞችህን ስማ። ደስታህ ይገባኛል፤ ያለቀ ዘፈን ይዞ መቀመጥ ያቁነጠንጣል። ግን አራት ሳምንት ስጠው።

ምክንያቱ ይኸውልህ። ዘፈንህን ወደ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሚውዚክና ሌሎቹ የዘፈን ማዳመጫ መተግበሪያዎች የሚያደርስልህ አከፋፋይ አለ፤ እንደ ዲስትሮኪድ፣ ቲዩንኮር ወይም ሲዲ ቤቢ ያለው። እሱ ፋይሉን ተቀብሎ እስኪያደርስ ቀናት ይወስዳል። ከዚያ ስፖቲፋይ ለሙዚቀኞች ባዘጋጀው ገጽ ገብተህ ዘፈኑን ለፕሌይሊስት (ተመርጠው ለተደረደሩ ዘፈኖች ዝርዝር) አዘጋጆች ታቀርባለህ። ይህ ግን የሚፈቀደው ገና ላልወጣ ዘፈን ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ከለቀቅከው በሩ ተዘጋ። ቢያንስ 7 ቀን ቀድመህ ካቀረብክ ደግሞ፣ አዘጋጆቹ ባይመርጡት እንኳ፣ አርብ አርብ በሚታደሰው የአዳዲስ ዘፈኖች ፕሌይሊስት ውስጥ ገብቶ ለተከታዮችህ ይቀርባል። ተከታዮችህ አርባ ቢሆኑም አርባ ሰው ነው።

አርብ የሆነበት ምክንያት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ አዲስ ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ አርብ እንዲወጣ የሙዚቃ ኩባንያዎች ስለተስማሙ ነው። ላንተ ግን ግዴታ አይደለም። ትልልቆቹ ሁሉ በዚያ ቀን ይጋፋሉ። የአንተ ሰዎች ማክሰኞ ማታ ከሆነ ስልካቸውን የሚያዩት፣ ማክሰኞ ልቀቀው።

እየጠበቅክ ሳለ ስምህን አጣራ። በላቲን ፊደል እንዴት ነው የምትጽፈው? አንድ ፊደል ስትጨምር ወይም ስትቀንስ ስፖቲፋይ ላይ ሁለት ሰው ትሆናለህ። ግማሹ ዘፈንህ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል። አንዱን አጻጻፍ ምረጥና ዕድሜ ልክህን እሱን ያዝ። የሽፋን ምስሉም አራት ማዕዘን፣ 3000 በ3000 ፒክሰል ይሁን። ምስሉን ስልክህ ላይ አሳንሰህ እየው፤ ስምህ ካልተነበበ መልሰህ ሥራው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ኢንስታግራም ላይ ጻፈልኝ። ከከፈልኩት ዘፈኔን በወር ውስጥ 50,000 ጊዜ እንደሚያሰማልኝ ቃል ገባ። ማስረጃ ብሎ ስክሪንሾትም ላከልኝ። ልክፈለው?

መልስ፦ አትክፈለው።

አንድ ወጣት ሙዚቀኛ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስልኩን ከፍቶ አሳይቶኝ ያውቃል። ከፍሎ ነበር። ግራፉ ለዘጠኝ ቀን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በአሥረኛው ቀን ቁልቁል ወርዶ መሬት ነካ። አድማጮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድም ሰው ከማያውቅበት ከተማ ናቸው። ዘፈኑ አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ "ተሰምቷል"፤ ሴቭ ያደረገው፣ ማለትም ደግሞ ለመስማት ለራሱ ያስቀመጠው ሰው ግን ሦስት ብቻ ነው። አዲስ ተከታይ የለም። ብዙም ሳይቆይ ከአከፋፋዩ ሁለት መስመር ኢሜይል መጣና ዘፈኑ ከሁሉም ቦታ ወረደ። ልጁ ስለ ገንዘቡ አላወራም። ሁለት ዓመት የለፋበት ዘፈን እንደ ሌባ ዕቃ መቆጠሩ ነው ያንገበገበው።

እነዚያ አድማጮች ሰዎች አይደሉም፤ ቦቶች፣ ሰው መስለው የሚሰሙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በብዛት በሐሰት የተሰማ ዘፈን ሲያገኝ አሳታሚውን ወይም አከፋፋዩን በየዘፈኑ ቅጣት ያስከፍላል። አከፋፋዩም ዕዳውን ወደ ሙዚቀኛው ሊያዞረው ይችላል። ዘፈኑ ባይወርድብህ እንኳ ሌላ ጉዳት አለ። ስፖቲፋይ ዘፈንህን ለማን እንደሚጠቁም የሚማረው ከሚሰሙት ሰዎች ልማድ ነው፤ "ይህን የወደደ ያንንም ወደደ" እያለ። ቦት ሲሰማህ የሚማረው የቦት ልማድ ነው። በኋላ እውነተኛ አድማጭ ሲመጣ ዘፈንህን ለማን እንደሚያደርስ አያውቅም።

ፕሌይሊስት ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። በፍቅር የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ። አዳምጦ "አልወደድኩትም" ሊልህ የሚችል ሰው ካገኘህ እሱ ደህና ነው። ከመስማቱ በፊት ቁጥር ቃል የሚገባልህን ግን ብሎክ አድርገው።

ጥያቄ፦ ዘፈኔ ስፖቲፋይ ላይ 800 ጊዜ ተሰምቷል። አንድ ሳንቲም አላገኘሁም። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ አልተጭበረበርሽም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ስፖቲፋይ ለቅጂው፣ ማለትም ለተቀረጸው ዘፈን አይከፍልም። አንድ ጊዜ ተሰማ የሚባለው ደግሞ 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ደንቡ ትንንሾቹን እንደሚጎዳ አምናለሁ፤ አልወደድኩትም። ግን ደንቡ ይኸው ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ግጥሙና ዜማው የራስሽ ከሆነ የደራሲነት ድርሻ አለሽ። እሱ ከቅጂው ክፍያ የተለየ ነው፤ የሚሰበሰበውም በአብዛኛው በደራሲያን መብት ሰብሳቢ ማኅበር በኩል እንጂ በአከፋፋይሽ አይደለም። አልተመዘገብሽ ከሆነ ተመዝገቢ።

ጥያቄ፦ ዓይን አፋር ነኝ። መድረክ ላይ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምዘፍነው። ሁሉም ሰው "ቲክቶክ ካልሠራሽ አለቀልሽ" ይለኛል። መደነስ አልችልም፤ ካሜራ ፊት ማውራትም አልችልም።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አትደንሺ። ማውራትም የለብሽም።

የማውቃት አንዲት ግጥም ጸሐፊ አለች፤ እንዳንቺው ሰው ፊት የምትሸማቀቅ። አንድ ቀን ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከላይ በስልኳ ቀረጸችው። ፊቷ አይታይም። አንድ ስንኝ አለ፤ መጨረሻው ላይ ያለው ቃል አራት ጊዜ ተሰርዟል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ደርሷል። ከጀርባ ራሷ ያንን ስንኝ ታንጎራጉራለች፤ በመጨረሻው፣ ባልተሰረዘው ቃል። አሥራ አራት ሰከንድ ነው። ሰዎች ከሥር "የመጀመሪያው ቃል ምን ነበር?" ብለው ጠየቁ። ለእያንዳንዳቸው መለሰች። አንዳንዶቹ የተሰረዘው ይሻል ነበር ብለው ተከራከሯት። ዘፈኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሰሙት እነዚያ ተከራካሪዎች ናቸው፤ ልጁ ሲወለድ እንደነበረ ሰው ነው የሚሰማቸው።

ሥራሽን አሳዪ። ጣትሽን ክሩ ላይ፣ ያበላሸሽውን ቀረጻ፣ አዝማቹ መጀመሪያ እንዴት እንደነበረ። ቪዲዮው በቁመት ይሁን፤ ግጥሙን በጽሑፍ አስገቢበት፤ ድምፁን አጥፍቶ የሚያይ ብዙ ነው። መግቢያውን አትጠብቂ፤ ከአዝማቹ ወይም ከሚያስደነግጠው ስንኝ ጀምሪ። ሰው የሚወስነው በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መድበሽ ሰባት ስምንቱን በአንዴ ቅረጺና በየጥቂት ቀኑ ልቀቂያቸው። ያኔ በየዕለቱ ካሜራ ፊት የመቆም ጭንቀት ይቀርልሻል። አንድ ዘፈን ላይ አሥር ቪዲዮ መሥራት ነውር አይደለም። አንቺ ሺህ ጊዜ ሰምተሽዋል፤ እነሱ ገና አልሰሙትም።

ያንኑ ቪዲዮ ለኢንስታግራም ሪልስም ለዩቲዩብ ሾርትስም ተጠቀሚበት። ኮመንት የሚጽፍልሽን ሰው ግን አደራ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አትበዪው።

ጥያቄ፦ ባንድ ነን። ኢንስታግራም ላይ 12,000 ተከታይ አለን። ኮንሰርት አለን ብለን ስንጽፍ ግን የሚያየው ሁለት መቶ ሰው ነው፤ የመጣው ሠላሳ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ምንም አላጠፋችሁም። ቤታችሁን ሰው መሬት ላይ ነው የሠራችሁት። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ፖስቶችን በቅደም ተከተል ማሳየቱን ትቶ እሱ በመረጠው መንገድ መደርደር ከጀመረ ወዲህ፣ ተከታይ ማለት የግድ የሚያያችሁ ሰው ማለት አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ። ማይስፔስ በአንድ ዘመን የትንንሽ ባንዶች ሁሉ መኖሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑት ዘፈኖች ሰርቨር ሲዛወር መጥፋታቸው በ2019 ታወቀ። ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን ነው የተባለው። ሌላ ቅጂ ያላስቀመጠ ሰው ሙዚቃውም አድማጩም አብረው ጠፉበት።

ስለዚህ የሰዎቹን አድራሻ ራሳችሁ ያዙ። ኢሜይል ያረጀ ይመስላል፤ ግን የላካችሁት መልእክት ለማን ይድረስ ብሎ የሚመርጥላችሁ የለም፤ ዝርዝሩም የእናንተ ነው። ከዚያች ሠላሳ ሰው ጀምሩ። በሚቀጥለው ዝግጅት በሩ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ አስቀምጡ፤ ኪውአር ኮድም ለጥፉ። "ኢሜይላችሁን ስጡን" ብቻ ካላችሁ ማንም አይጽፍም። "ዛሬ የተጫወትነውን፣ ገና ያልወጣውን ዘፈን ነገ ጠዋት እንልክላችኋለን" በሏቸው። ነገ ጠዋት ላኩ። ከነገ ወዲያ አይደለም።

ስትጽፉም እንደ ድርጅት አትጻፉ። "ውድ አድናቂዎቻችን" የሚለውን ተዉት። ከአንዳችሁ ስም ይሂድ፤ አጭር ይሁን፤ አንድ ወሬ፣ አንድ ሊንክ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠይቋቸውና የመለሰውን ሁሉ መልሱለት። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከበዛ እጅ እጅ ይላል። የሁሉንም አድራሻ "ለ" የሚለው ቦታ ላይ ደርድራችሁ እንዳትልኩ፤ የሰዎቹ አድራሻ ለማያውቁት ሁሉ ይበተናል። ለዚህ የተሠራ የኒውስሌተር (ለብዙ ሰው ኢሜይል የሚልክ) አገልግሎት ተጠቀሙ፤ አልፈልግም የሚል ሰው በአንድ ክሊክ መውጣት አለበት።

አልበም ወይም ቲሸርት የምትሸጡ ከሆነ ሙዚቀኛው በቀጥታ ለአድማጩ የሚሸጥበትን ባንድካምፕ የተባለ ድረ ገጽ እዩት። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከዕቃ ሽያጭ 10 በመቶ ይወስዳል። እኔ የምወድለት ግን የገዛችሁን ሰው ኢሜይል ስለሚሰጣችሁ ነው። ስፖቲፋይ ላይ ዘፈናችሁን አምስት መቶ ጊዜ የሰማ ሰው ማን እንደሆነ አታውቁም።

ጥያቄ፦ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ለማስታወቂያ ላውጣው?

መልስ፦ ሚክሲንጉ (የድምፆቹ ማዋሃድና ማመጣጠን) ይጎድለዋል ብለሽ የምትጠረጥሪ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ላይ አውጪው። ዘፈኑ ደህና ከሆነ፣ ሳትከፍይበት ከሌሎቹ የተሻለ የታየልሽን ቪዲዮ ምረጪና ለእሱ ጥቂት ብር መድበሽ ሞክሪ። ያልሄደ ቪዲዮን በገንዘብ መግፋት ጠብ አይልም። ፖስትን በክፍያ ለብዙ ሰው የሚያሳየውን "ቡስት" የሚለውን ቁልፍ ዝም ብለሽ አትጫኚ፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣልሽ ዓይን ነው፣ ጆሮ አይደለም። ከሳምንት በኋላ እይታውን ተዪና ስንት ሰው ሴቭ አደረገ፣ ስንት ሰው ተከተለሽ ብለሽ ቁጠሪ። ካልጨመረ አቁሚ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል። ድሮ በካሴት ያወጣኋቸው ዘፈኖች አሉኝ። ልጄ ዩቲዩብ ላይ አንዱን አገኘችልኝ፤ የማላውቀው ሰው ጭኖታል። ብዙ ሰው አይቶታል። ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ላስወርደው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ስሜትዎ ልክ ነው። ከማስወረድዎ በፊት ግን ከቪዲዮው ሥር ያሉትን አስተያየቶች ልጅዎ ታንብብልዎ። አንድ በአንድ። እዚያ ስምዎን ጠርተው "የት ይሆን ያሉት?" የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። ለአንዱ ሰው "እኔ ነኝ፤ አለሁ" ብለው ይመልሱለት። የትኛውም ማስታወቂያ የዚህን ያህል አይሠራም።

ቀጥሎ ውሉን ይፈልጉ። ያኔ ካሴቱን ያሳተመው ማን ነው? የቅጂው ባለቤት እርስዎ ነዎት ወይስ አሳታሚው? ይህ ሳይጣራ ምንም እንዳያደርጉ። ባለቤቱ እርስዎ ከሆኑ ለጫነው ሰው በመጀመሪያ በጨዋ ቋንቋ ይጻፉለት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ሌባ ሳይሆን ካሴትዎን በፍቅር ያቆየ አድናቂ ነው። እርስዎ የሌለዎት ቅጂ በእጁ ሊኖር ይችላል። እምቢ ካለ ለዩቲዩብ የኮፒራይት ማመልከቻ ማስገባት ይችላሉ፤ ሦስት ጊዜ የተቀጣ ቻናል ስለሚዘጋ በችኮላ አያድርጉት። ሌላም አማራጭ አለ። ዘፈኖቹን በአከፋፋይ በኩል በስምዎ ሲያወጡ ኮንቴንት አይዲ የሚባለውን፣ ዩቲዩብ ላይ ዘፈንዎ ያለበትን ቪዲዮ የሚለየውን አገልግሎት አብረው ይጠይቁ። ያኔ ቪዲዮው እንዳለ ይቀመጣል፤ ከማስታወቂያው የሚገኘው ገቢ ግን ወደ እርስዎ ይመጣል።

ካሴቶቹን ግን እስከዚያ ደጋግመው እንዳያጫውቷቸው። የቆየ ክር በደከመ ማጫወቻ ላይ በቀላሉ ይበጠሳል። ጥሩ ማጫወቻ ያለው ባለሙያ ይፈልጉና መጀመሪያ ሲጫወት ያኔውኑ ይቀረጽ፤ ፋይሉንም አንዱን ለልጅዎ፣ አንዱን ለራስዎ ያስቀምጡ።