ስለ ሄል ካውንቲ የቆዩ ፎቶግራፎች

በአሜሪካ አላባማ ግዛት የምትገኘው የሄል ካውንቲ (የግዛቱ አንድ የአስተዳደር ወረዳ) የ1930ዎቹ የገጠር ኑሮ ፎቶግራፎች የት እንደሚገኙና ያለ ፈቃድ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ዋናው ስብስብ ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ በድረ ገጹም በነጻ ይታያል። ፎቶግራፍ አንሺው ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1936 የሌላ ሰው መሬት እያረሱና ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እየተካፈሉ ጥጥ የሚያመርቱ ሦስት የካውንቲው ቤተሰቦችን ያነሣው ለአንድ መጽሔት ተልኮ ቢሆንም፣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበረ ፎቶግራፎቹ የመንግሥት ንብረት እንዲሆኑ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ በዚህም ምክንያት በአጠቃላይ የቅጂ መብት ገደብ የለባቸውም።

በእኔ እምነት ከታወቁት የሰዎች ፊት ምስሎች ይልቅ ሰው የሌለባቸው ክፍሎች፣ ለምሳሌ ሹካና ማንኪያ በግድግዳው ላይ ከተመታ ጣውላ ኋላ የተሰካበት የወጥ ቤት ፎቶግራፍ፣ ስለ ኑሮው አብልጠው ይናገራሉ። በአንዳንድ የስብስቡ ምስሎች ላይ ጥቁር ክብ ቢያዩ የእርጅና ጉዳት አይደለም፤ ኢቫንስ ይሠራበት የነበረው የመንግሥት የፎቶግራፍ ፕሮጀክት ኃላፊ ሮይ ስትራይከር ያልተመረጡ ኔጋቲቮችን (ፎቶግራፉ የሚታተምባቸውን ፊልሞች) ያስበሳ ስለነበር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ በዚያ ዘመን ከካውንቲው ነዋሪዎች አብዛኞቹ ጥቁሮች ሲሆኑ ሦስቱ ቤተሰቦች ግን ነጮች ናቸውና፣ እነዚህን ምስሎች ብቻ ይዘው ስለ መላው ካውንቲ እንዳይጽፉ።