«ልጁን አልፈለግኩትም፤ ታዲያ ለምን ቀለብ እከፍላለሁ?»

ጥያቄ

ሰላም ለርስዎ። የ29 ዓመት ወንድ ነኝ። ከአንዲት ልጅ ጋር ሁለት ዓመት በፍቅር ቆይተናል። ልጅ እንደማልፈልግ ገና ከመጀመሪያው ነግሬያታለሁ። እሷም ክኒን እንደምትወስድ ነበር የምትነግረኝ። አሁን የ10 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፤ ልትወልደውም ወስናለች። ተለያይተናል። ሌሊቱን ኢንተርኔት ላይ ስለ ወንዶች መብት የሚጻፈውን ሳነብ ነው የማድረው። «አካሏ የራሷ ከሆነ ገንዘቤም የራሴ ነው» የሚለው ነገር ልክ ይመስለኛል። እሷ መውለድም መተውም ትችላለች። እኔስ? በቅርቡ ደግሞ «ምንም እንደማልጠይቅህ ልፈርምልህ» ብላኛለች። ወረቀቱ ነጻ ያወጣኛል? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ነው የደረሰበት። እሱ ልጁን ፈልጎት ነበር፤ ፍቅረኛው ግን ጽንሱን አቋረጠችው። ሁለታችንም አልተበደልንም ይላሉ?

መልስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ቁርጡን ልንገርህ። ልጁ ከተወለደና ያንተ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በአብዛኛው የዓለም አገር ቀለብ መክፈልህ አይቀርም። ወረቀቱም አያድንህም። ይህን ስልህ ጭንቀትህን አቅልዬ አይደለም። ያልተዘጋጀህበት ነገር መጥቶብሃል፤ እንቅልፍ ማጣትህ አይገርመኝም። ግን በተሳሳተ ተስፋ ወራት ከሚያልፉብህ አሁን ብታውቀው ይሻልሃል።

ያንተን ክርክር ይዞ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ዱቤይ የሚባል ወጣት ክስ መሠረተ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታሪኩ ካንተ ጋር ይመሳሰላል። ልጅ እንደማይፈልግ ነግሯታል። እሷ ደግሞ በጤናዋ ምክንያት ማርገዝ እንደማትችል፣ ለማንኛውም ግን መከላከያም እንደምትወስድ ነግራው ነበር ይላል። ሴት እናትነትን አልፈልግም ማለት ከቻለች፣ ወንድም አባትነትን አልፈልግም ማለት መቻል አለበት ሲል ተከራከረ። ተሸነፈ። በ2007 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸናው።

የተሸነፈው ዳኞቹ ወንድ ስለሚጠሉ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርጎ ስላቀረበ ነው። አንተም የተያዝክበት ቦታ ይሄው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እርግዝናው የሚቀጥለው በአንድ ሰው አካል ውስጥ ነው። ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ መካከለኛ መንገድ የለም፤ ግማሽ እርግዝና የሚባል ነገር የለማ። ስለዚህ ሕግ ምርጫውን ለሰው በተወበት በብዙ አገር የመጨረሻው ቃል የተሸካሚዋ ሆኗል። ቀለብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀለብ የሚመጣው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሦስተኛ ሰው መጥቷል። ቀለቡም የእሱ እንጂ የእናቱ ገንዘብ አይደለም። የ1989ኙ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 27 ልጅን የማኖር ቀዳሚ ኃላፊነት የወላጆች መሆኑን ይናገራል። መንግሥታትም ከወላጆች ቀለብ የሚገኝበትን መንገድ እንዲያመቻቹ ያዛል። እናትም አባትም እኩል ናቸው። ልጁ ካንተ ጋር ቢያድግ ቀለብ የምትከፍለው እሷ ትሆን ነበር።

የወረቀቱም ነገር ከዚሁ የሚመጣ ነው። እሷ የራሷን ገንዘብ ልትተውልህ ትችላለች። የልጁን ግን የመተው ሥልጣን የላትም። ዛሬ ከልቧ ልትፈርምልህ ትችላለች፤ ነገ ሥራ ብታጣ ወይም ብትታመምስ? ፍርድ ቤት ወረቀቱን ወደ ጎን ብሎ ቀለብ ይወስናል። በብዙ አገር ደግሞ እናቲቱ የመንግሥት ድጎማ ከተቀበለች፣ እሷ ባትጠይቅህም መንግሥት ራሱ ይመጣብሃል።

አሁን ስለ ክኒኑ። ደብዳቤህን ሳነበው ዋሽታኛለች ብለህ የደመደምክ መሰለኝ። ቆይ። በተለመደው አወሳሰድ፣ ማለትም አንዳንዴ እየተረሳ፣ ክኒን ከሚወስዱ 100 ሴቶች በዓመት 7 ያህሉ ያረግዛሉ። በኮንዶም ብቻ የሚጠቀሙትስ? 13 ያህሉ። ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። ምንም ውሸት ሳይኖር ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ማስረጃ ሳይኖርህ «አጭበርብራኛለች» ብለህ በአደባባይ ብትጽፍ ደግሞ፣ ስም በማጥፋት የምትጠየቀው አንተ ልትሆን ትችላለህ።

ማታለል በእርግጥ ሲኖርስ? ሕጉ ዝም አይልም። በካናዳ አንድ ወንድ ፍቅረኛው እንድታረግዝለት ኮንዶሙን በድብቅ በሳ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በወሲብ ጥቃት ጥፋተኝነቱን አጸና። በ2022 በጀርመን ቢልፌልድ ከተማ ደግሞ የፍቅረኛዋን ኮንዶሞች የበሳች ሴት በገደብ የስድስት ወር እስራት ተፈርዶባታል። ይህ መልካም ነው። ማንም በማታለል የሌላውን ሰው ወላጅነት መወሰን የለበትም። ሆኖም ማታለሉ ቢረጋገጥም ቀለቡን አያስቀርም። ልጁ ማንንም አላታለለም።

እዚህ ላይ የሚያመኝን አንድ ፍርድ ልንገርህ። በ1993 የአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድን ልጅ ቀለብ ክፈል አለው። ሲያስረግዝ ዕድሜው 13 ነበር፤ ያረገዘችው ደግሞ ትጠብቀው የነበረች የ17 ዓመት ሞግዚቱ ናት። በዕድሜው ወሲብን መፍቀድ የማይችል ሕፃን ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን አውቆም ግዴታው አይቀርም አለ። የልጅን መብት ማስቀደም ይገባኛል፤ ብዙ ዓመት የተከራከርኩትም ለእሱ ነው። ግን የጥቃት ሰለባን ማስከፈል ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ላለው ልጅ ወጪውን መንግሥት መሸፈን አለበት። ስለ ወንዶች መብት የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ሲያነሱ እሰማቸዋለሁ፤ ልክ ናቸው።

ሌላም ጠንካራ ነጥብ አላቸው። በፈረንሳይ ሴት ስሟን ሳትገልጽ ወልዳ መሄድ ትችላለች። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2003 ይህን ሥርዓት ተቀብሎታል። በአሜሪካ ደግሞ ከ1999ኙ የቴክሳስ ሕግ ጀምሮ አራስ ልጅን ሆስፒታል ወይም እሳት አደጋ ጣቢያ አስረክቦ መሄድ ተፈቅዷል። ታዲያ እናት ከተወለደ በኋላም መውጫ ካላት አባት ለምን አይኖረውም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው። እነዚህ ሕጎች የወጡት ሕፃናት ተጥለው እንዳይሞቱ ነው። ልጁም ባዶ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ኃላፊነቱን መንግሥት ወይም በጉዲፈቻ የሚወስደው ቤተሰብ ይረከባል። አንተ የምትለው ግን ሸክሙ በሙሉ እናቲቱ ላይ ይቅር ነው። በ2016 በስዊድን አንድ የሊበራሎች ፓርቲ ወጣቶች ቅርንጫፍ ወንዶች እስከ 18ኛው ሳምንት አባትነትን በሕግ እንዲተዉ ይፈቀድ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሕግ አልሆነም። ጎዶሎውን ማን ይሙላው ለሚለው አሳማኝ መልስ እስካሁን ከማንም አልሰማሁም።

ወደ ጓደኛህ ልምጣ። ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ማንም «ምን አገባህ» ሊለው አይገባም። በሕግ ግን ሊያስቆማት አይችልም ነበር። በ1978 በእንግሊዝ አንድ ባል ሚስቱ ጽንስ እንዳታቋርጥ እግድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ድረስ ሄደ፤ እዚያም በ1980 ውድቅ ሆነበት። በ1989 በካናዳ ኩዊቤክ አንድ ወንድ እግዱን በሥር ፍርድ ቤቶች አገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንስቶ ጣለው፤ አባት ጽንስ የማስቀጠል መብት የለውም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 የባል ፈቃድን፣ በ1992 ደግሞ ለባል የማሳወቅ ግዴታን ሽሯል። በ2022 የጽንስ ማቋረጥ መብትን ራሱን ሲያነሳ እንኳ ሥልጣኑን የሰጠው ለሕግ አውጪዎች ነው፤ ለባሎች አልሰጠም።

ይህ ሁሉ ለሴት ያደላ ይመስልሃል? እንግዲያው እርግዝና በሌለበት ቦታ ምን እንደሚሆን ተመልከት። አንዲት እንግሊዛዊት እንቁላል በሚያመነጩት እንቁልጢዎቿ ላይ ቅድመ ካንሰር ዕጢ ይገኝባታል። እንቁልጢዎቿ ከመውጣታቸው በፊት በ2001 ከፍቅረኛዋ ጋር ስድስት ሽሎች በላቦራቶሪ ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ። በኋላ ተለያዩ፤ እሱ ፈቃዱን አነሳ። ለሷ ከራሷ ዘር ለመውለድ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። በ2007 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት 13 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደባት። የአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 ሰባት ሽሎች ላይ አባት መሆን ላልፈለገው ወንድ ነው ያደላው። እነዚህን ፍርዶች ባነበብኩ ቁጥር ለሴቲቱ ልቤ ይሰበራል። ግን የወንድ «አልፈልግም» ማለት በሕግ ፊት ክብደት እንዳለው ያሳዩሃል። ክብደቱ ግን የሌላ ሰው አካል ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ያንተ ምርጫ ያለው ቀደም ብሎ ነው። ኮንዶም አለ። መውለድ በጭራሽ ለማይፈልግ የዘር ቱቦ ማሰር አለ፤ እሱም የሚታመነው ከተወሰኑ ወራት በኋላ የዘር ፈሳሹ ተመርምሮ ነጻ ሲባል ነው። «እሷ ትወስዳለች» ብሎ መተው ምርጫን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ይህን ላንተ በወቀሳ መልክ አልናገረውም። ወጣት ወንዶች ሁሉ ቢሰሙት ስለምመኝ ነው።

የወንዶች መብት በእውነት የተረገጠበት ቦታ የት እንደሆነ ከጠየቅከኝ፣ ልጃቸውን የፈለጉ አባቶች ጋ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እናታቸው የሞተችባቸውን ልጆች መንግሥት ካሳደጋቸው አባታቸው ነጥቋል፤ ምክንያቱ ሳይጋቡ መውለዳቸው ብቻ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ይህ አይሆንም፤ አባትም ሊሰማ ይገባል አለ። ጀርመን ውስጥ ያላገባ አባት እናት ካልፈቀደች የጋራ አሳዳጊ መሆን አይችልም ነበር። ይህም በ2009 በአውሮፓው ፍርድ ቤት አድልዎ ተብሏል። በሌላ በኩል አንድ የኒውዮርክ አባት ልጁ ያለ እሱ እውቅና በጉዲፈቻ ተሰጠችበት፤ ያላገቡ ወንዶች አባት ነኝ ብለው በሚመዘገቡበት የአባቶች መዝገብ ላይ ስሙን ስላላስመዘገበ በ1983 ተሸነፈ። ልጅ የሚፈልግ ወንድ እንዲህ ያለ መዝገብ ባለበት አገር ካለ አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ።

አሁን ማድረግ ያለብህን ልንገርህ። ጥርጣሬ ካለህ የዲኤንኤ ምርመራ ሳይደረግ የአባትነት ማመኛ ላይ አትፈርም። አንዴ ካመንክ መካድ በጣም ከባድ ነው፤ የጊዜ ገደብም አለው። ጥርጣሬ ከሌለህ ግን ምርመራውን ለማዋረጃ አትጠቀምበት። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰህ ቅረብ። ብዙ ወንዶች የሚጎዱት ባለመቅረባቸው ነው፤ በሌሉበት ይወሰንና ገቢያቸው ሳይታይ ቀለቡ ይቆረጣል። ከቀረብክ ገቢህንና ወጪህን በማስረጃ ታሳያለህ፤ ገቢህ ሲቀንስም እንዲሻሻል ትጠይቃለህ። የምትከፍለውን ሁሉ በባንክ ክፈል። በእጅ የሰጠኸው ብር ነገ ምስክር የለውም። እንዳያገኙህ ሥራ መልቀቅ ወይም ገቢ መደበቅ ደግሞ ውዝፉን ከማብዛት በቀር ምንም አያመጣልህም።

መክፈል ካለ የልጁ ሕይወት ውስጥ የመገኘት መብትም አለ። ዛሬ አልፈልግም ትላለህ። መብትህ ነው። ግን ከወሊድ በኋላ ሐሳባቸው የተለወጠ ብዙ አባቶች ቢሮዬ መጥተዋል። ከነሱ አንዳንዶቹ በንዴት በጻፉት መልእክት ራሳቸውን ጎድተው ነው የደረሱኝ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ስለመጎብኘት መጠየቅ ብትፈልግ፣ አሁን የምትጽፍላት ነገር ሁሉ ዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል። ጽንሱን እንድታቋርጥ የሚያስፈራራ ወይም የሚያስገድድ ቃል ደግሞ በራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ያን ወረቀት አታስፈርማት። በምትኩ አጭር መልእክት ላክላት፤ ልጁ ሲወለድና አባትነቱ ሲረጋገጥ ድርሻህን እንደምትከፍል፣ መጠኑን በሽምግልና ወይም በፍርድ ቤት ለመነጋገር ዝግጁ እንደሆንክ ብቻ ጻፍ። ከመላክህ በፊት ግን በምትኖርበት አገር ለሚሠራ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ አሳየው፤ የጊዜ ገደቦቹ ከአገር አገር ይለያያሉ።