ቢሾፍቱን በእግር ለምታስጎበኙ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ቢሾፍቱ የመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ሐይቅ አይቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። የቆመበት ቦታ የፈነዳ ጉድጓድ ጠርዝ መሆኑን የሚነግረው የለም። ሥራችሁ እሱን መንገር ነው፤ ለዚያም ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከጠዋቱ 12፡30 ተነሱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከ4 ሰዓት ወዲያ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከ10 ሰው በላይ አትያዙ፤ ጠባብ ጠርዝ ላይ ከኋላ ያለው ምንም አይሰማችሁም። ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ ይያዝ።

መነሻችሁ መሃል ከተማ ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅ ይሁን። ከታሪክ አትጀምሩ፤ ከጉድጓዱ ጀምሩ። ከታች የመጣ የቀለጠ ድንጋይ የከርሰ ምድር ውሃ ሲያገኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ምድሩን ወደ ላይ ይበትነዋል። የተበተነው አመድና ጠጠር ዙሪያውን ተከምሮ ጠርዝ ሆነ፤ ጉድጓዱ ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃው በታች ስለወረደ ሞላ። ኪሳችሁ ውስጥ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ድንጋዮች ይኑሩ፦ አንድ ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ቀይ አሽ፣ ያው ለብሎኬት የሚገባው። እንግዳው በሁለት እጁ ይመዝናቸው። ቀዩ የቀለለው በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሠርቶ ስለወጣ ነው፤ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ሲዳስስ የአንድ ሰዓት ንግግር ይተርፋችኋል።

«ወደ ውሃው እንውረድ» ማለታቸው አይቀርም። ገደሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይከዳል። ከመውረዳችሁ በፊት ጉልበትና ልብ የሚያመው እንዳለ ጠይቁ፤ ለመውጣት ደግሞ የመውረጃውን እጥፍ ጊዜ ያዙ። በክረምት ጨርሶ አትውረዱ። ዋና ፈጽሞ አትፍቀዱ፤ የዚህ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ ዳሩም ወዲያው ገደል ይሆናል።

ከዚያ ወደ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ። እዚህ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ኢሬቻ የሚከበርበት ሥፍራ ነው። በዓሉ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ሲውል የእግር ጉብኝት አይታሰብም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በበዓሉ ላይ ብዙ ሰው ሞቷል። ከተጠየቃችሁ አታድበስብሱት፣ ክርክርም አትክፈቱ፤ አጠገባችሁ ያለው የከተማው ሰው ዘመዱን ያጣ ሊሆን ይችላል።

በኅዳርና በጥር መካከል አንዳንዴ የሞተ ዓሣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ታገኙ ይሆናል። እንግዳው «መርዝ ነው?» ይላል። የሌሊቱ ብርድ የላዩን ውሃ ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው ከብዶ ሲሰምጥ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ይወጣል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ይህን ሳትዘጋጁ ብትቀሩ ዕለቱ በወሬ ያልቃል።

አረንጓዴ ሐይቅን በዚህ ጉዞ ውስጥ አትጨምሩ፤ ከከተማው ወጣ ይላል፣ ሌላ ቀን ይፈልጋል። የአየር ኃይል ግቢ አካባቢ ካሜራ እንዳያወጡ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ወታደሩ ካስቆማችሁ በኋላ ማስረዳት ዋጋ የለውም።

መጨረሻው ባቦጋያ ሐይቅ ነው። ዳርቻው አብዛኛው በሆቴሎች ተይዟል፤ ስለ መግቢያው ዋጋና ስለ ሽንት ቤቱ በዋዜማው ደውሉ። ደክሞት የደረሰ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ሲከራከር ካያችሁ፣ ያልደወላችሁት እናንተ ናችሁ።