ቀለም መርጫ ለቤት፦ ግድግዳውን ለሮለር፣ በሩን ለመርጫው

እህቴ፣ ጥያቄዎን አነበብኩት። በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳውን፣ የብረት በሩንና የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን ራስዎ ማደስ አስበዋል፤ መርካቶ ያዩት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ የቀለም መርጫ ሁሉንም በቅዳሜና እሁድ ይጨርስልኝ ይሆን ወይ ነው ያሉት። የራሴንም የዘመዶቼንም ቤት ስቀባ የኖርኩ ነኝና ቁርጡን ልንገርዎ፤ ለበሩና ለቁምሳጥኑ ይግዙት፣ ለግድግዳው ግን አይሞክሩት።

ቀለም ሲረጭ ከፊሉ ግድግዳው ላይ አያርፍም። ጉም ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፍና ወለሉ፣ መስታወቱ፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ሰው በሚኖርበት ቤት ይህን ለመከላከል ዕቃውን ሁሉ በላስቲክ መሸፈን፣ ጠርዙን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ማሸግ ግድ ነው። ርጩ ቶሎ ያልቃል፤ ቀኑን የሚበላው ሽፈናው ነው። በዚያ ላይ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ወፍራም በመሆኑ በትንሹ መርጫ እንዲወጣ በውሃ መቅጠን ይፈልጋል። የቀጠነ ቀለም ደግሞ አይሸፍንም፤ ሁለት እጅ ይበቃው የነበረው ሦስትና አራት እጅ ይጠይቃል። በሮለር ቢሠሩት ከሰዓት በኋላ ቡናዎን እየጠጡ ያዩታል።

ቤቱ ገና ያልተገባበት ባዶ ቤት ቢሆን ሌላ እመክርዎ ነበር። እዚያ የሚያዋጣው ኤርለስ የሚባለው፣ ያለ አየር ቀለሙን በፓምፕ ግፊት የሚገፋው ትልቁ ማሽን ነው። እሱን ግን ከነባለሙያው ይከራዩት። ግፊቱ እስከ 200 ባር ሊደርስ ስለሚችል ጣት ከኖዝሉ፣ ማለትም ቀለሙ ከሚወጣበት ጫፍ፣ ፊት ቢገኝ ቀለሙ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ግን ጣት ሊያሳጣ ይችላል።

ወደ በሩ እንምጣ። ፍርግርግ ያለበትን በር በብሩሽ ቀብቶ የሚያውቅ ሰው መርጫ ለምን እንደተፈጠረ ይገባዋል። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ውሃ እያስነኩ ይሁን። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ በሕግ የወሰነችው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ የዘይት ቀለም ካለዎት አቧራው በተለይ ለልጆች አደገኛ ነው። ዝገቱን አራግፈው ብረቱ በተራቆተበት ቦታ አንቲረስት የሚባለውን ዝገት ተከላካይ ቀለም ያስቀድሙ።

የቁምሳጥኑን በሮች ከማጠፊያቸው ይፍቱ፣ በየቦታቸው እንዲመለሱ ከጀርባ ቁጥር ይጻፉባቸው፣ የወጥ ቤት ቅባቱን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ያስለቅቁ። ከዚያ አጋድመው ይርጯቸው፤ የተጋደመ ነገር ላይ ቀለም እንደ ልብ አይንጠባጠብም።

አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት ቀለሙን ሲያዘጋጅ ነው። የዘይት ቀለሙን ጣሳው ላይ በተጻፈው መጠን በቲነር ያቅጥኑት፤ በእንጨት ሲያነሡት እንደ ቀጭን አጥሚት ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ቀጥሎ በአሮጌ ስቶኪንግ ያጥሩት። አንዲት የደረቀች ቅርፊት ኖዝሉን ዘግታ ሥራ ታስፈታለች።

በሩን ከመንካትዎ በፊት ካርቶን ላይ ይሞክሩ። በጣት የሚሳበውን የመርጫውን ምላጭ ስበው አንድ ጊዜ ያሳልፉና ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ነጠብጣቡ ትላልቅ ከሆነ ቀለሙ አልቀጠነም። መሐሉ ረጥቦ መውረድ ከጀመረ ቀለም በዝቷል ወይም በጣም ቀርበዋል። በጣትዎ ሲዳስሱት የሚሻክር ከሆነ ከሩቅ ስለረጩ ቀለሙ መንገድ ላይ ደርቋል። ርቀቱ አንድ ስንዝር ያህል፣ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። እጅዎ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ምላጩን ይሳቡ፣ ከመቆሙ በፊት ይልቀቁ። አንጓዎን አያዙሩት፤ ክንድዎ ከነመርጫው ከበሩ እኩል ርቀት ላይ ይሂድ። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። አንድ ወፍራም ከመርጨት ሁለት ወይም ሦስት ስስ ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ስለሚያነሣ ጠዋት ይሥሩ። ኮሪደሩ የጋራ ነው፣ ግቢውም እንዲሁ፤ የጎረቤት መኪና ወይም የተሰጣ ልብስ አጠገብ ከረጩ የሚከተለውን እርስዎ ያውቁታል። የእንጨት ዕቃ ላይ ናይትሮ የሚባለውን ቀለም ለመርጨት ካሰቡ ደግሞ ክረምቱን ያሳልፉ፤ እርጥበት ሲያገኘው እየነጣ ይበላሻል።

የአቧራ ማስክ የቲነር ሽታ አያቆምም። ለኬሚካል ሽታ የተሠራ፣ ካርቦን ያለበት ማጣሪያ የሚገጠምለትን ይግዙ። አጠገብዎ ከሰልም ሆነ ምድጃ አይኑር። ሻጩ ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን ፖሊዩሬቴን የሚባል ቀለም «ይሄ ይሻላል» ቢልዎ አይቀበሉት። ሲረጭ የሚወጣው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ባለሙያዎቹ የሚረጩት ንጹሕ አየር በቱቦ እየተላከላቸው ነው።

ሲገዙ ከአንድ በላይ ኖዝል ያለውን ይምረጡ፤ ለዘይት ቀለም ቀዳዳው 1.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው ይበቃል። ሲጨርሱ ምሳ ሳይሉ ወዲያው ይጠቡት፦ ቲነር ሞልተው ይርጩ፣ ኖዝሉንና መርፌውን ፈትተው ያጽዱ፣ የማሰሮውን ትንሽ የአየር ቀዳዳ እንዳይረሱ። ተበላሸ ተብሎ የሚጣለው መርጫ አብዛኛው ያልታጠበ ነው።

ቁምሳጥንዎ ጥሬ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ፣ ከሆነ ጠርዙ ቀለም ስለሚመጥ ቀድመው ፕራይመር የሚባለውን የሥር ቀለም ቀብተው ይፈቁት። ላሚኔት በሚባል ለስላሳ የፕላስቲክ ልባጥ የተለበጠ ከሆነ ግን ይንገሩኝ፤ የሱ ዝግጅት ሌላ ነው።