አዲሱ ስቶክፊሽ ከድሮው ይሻላል?

ጥያቄ፦ አዲሱን ስቶክፊሽ (የቼዝ ፕሮግራሙን) አወረድኩና ከአሮጌው ጋር 20 ጨዋታ አጋጠምኳቸው። አዲሱ 3 አሸነፈ፣ 2 ተሸነፈ፣ 15ቱ አቻ ወጡ። በሰከንድ የሚያየው የሰሌዳ አቀማመጥ ብዛትም ቀንሷል። ወደ ድሮው ልመለስ?

መልስ፦ ኧረ አትቸኩል! ያንተ ውጤት ለአዲሱ ወደ 17 ኤሎ (የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ) ብልጫ ይሰጠዋል፣ ግን በ20 ጨዋታ የስህተቱ ህዳግ ወደላይም ወደታችም 75 ኤሎ አካባቢ ስለሆነ ምንም አልነገረህም ማለት ነው። 1000 ጨዋታ አጫውተህ 60 በመቶው አቻ ቢያልቅ እንኳ ህዳጉ 14 ኤሎ ያህል ነው። የስቶክፊሽ ሰዎች ፊሽቴስት በሚባለው ሥርዓት፣ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር ላይ፣ ለአንዲት ትንሽ ለውጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ የሚያጫውቱት ወደው አይደለም።

ፍጥነቱ አያስደንግጥህ። በ2020 ስቶክፊሽ 12 የነርቭ መረብ (አቀማመጥን መገምገም በሥልጠና የተማረ ክፍል) ሲገባለት በሰከንድ የሚያየው ቀንሶ ነበር፣ ጉልበቱ ግን በጣም ጨመረ። ማን እንደሚበልጥ ለማሳየት ፕላስ 1 ምናምን የሚለውን ቁጥርም ከድሮው ጋር አታወዳድር፤ ከስቶክፊሽ 15.1 ወዲህ እኮ ትርጉሙ ተቀይሯል፣ ፕላስ 1 ማለት የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ሆኗል።

ራሴ ልሞክር ካልክ ለሁለቱም እኩል የፕሮሰሰር ኮርና እኩል ሚሞሪ ስጣቸው። ጨዋታውን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ሰሌዳ አታስጀምር፣ አቻ በአቻ ይሆንብሃል። ለአንዱ ወገን ትንሽ ያደሉ መክፈቻዎችን ምረጥና እያንዳንዱን መክፈቻ ቀለም እያቀያየርክ ሁለቴ አጫውት። ሰዓቱን አሳጥረው፣ ለአንድ ወገን 10 ሰከንድና በየእርምጃው ትንሽ ጭማሪ ይበቃል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ለሊቱን ሙሉ ተወው።