ክረምቱ ሲወጣ ከልጆቻችሁ ጋር ምን ትሠራላችሁ?

ወጣት እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ገና ማስተማር የጀመራችሁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ሳስተምር ነው ያረጀሁት። እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ነገር ልምከራችሁ።

መስከረም 26 መፀው ይገባል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ይሆናል፣ ደጁ ሁሉ መጫወቻ ነው። እንዲህ ባለ ወቅት ልጅን ስልክ አስይዞ ቤት ማስቀመጥ በጣም ያሳዝነኛል። ገንዘብ አይጠይቃችሁም። ሙጫ እንኳን እቤት ይሠራል፤ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እሳት ላይ እያማሰላችሁ ወፈር ሲል አውርዱት፣ በቃ።

በቅጠል ጀምሩ። የዋርካም የማንጎም ይሆናል። ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ወረቀት አልብሱት፤ ልጁ ክሬዮኑን በጎኑ አስተኝቶ ይፈግፍግ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ መሃለኛው መስመር ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ። ያኔ የልጁን ፊት እዩት።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ታንኳ ነው። ጣና ዳር ተወልዶ ታንኳ ከምን እንደሚሠራ የማያውቅ ልጅ ሳይ ያንገበግበኛል። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ቄጠማ፣ ከሚያጭዱት ሰዎች ጥቂት ዘንግ ለምኑ። አንዱን ቆርጣችሁ አሳዩት፤ ዘንጉ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡ ደግሞ ነጭ፣ ልክ እንደ ስፖንጅ አየር የሞላበት፣ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። በስንዝር ልክ ቆራርጡና ስድስት ሰባቱን በአንድነት ይዛችሁ ሁለቱን ጫፍ በክር እሰሩ። አፍንጫውን ቀና ለማድረግ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ አርጥቡት፣ ከደረቀ ይሰበራል። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሙሉና ልጁ ጠጠር እየጫነ ስንት እንደሚችል ይቁጠር። ውሃ ውስጥ ከቆየ መጥጦ ይከብዳል። ትልልቆቹን ታንኳዎችም ባለቤቶቻቸው ዳር አውጥተው የሚያደርቋቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐይቁ ዳር ወስዳችሁ አትሞክሩት፣ ሳፋው ይበቃል። ደንገል ካጣችሁ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ልጡ፤ ውስጡ እንደዚያው ቀላል ነው።

ቋጠሮውን ልጁ ራሱ ይሞክረው። ሲላላ አይታችሁ እጃችሁ ይሄዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን ታገሱ። ወላጅ ያስተካከለውን ሥራ ልጅ ወዲያው ይተወዋል፤ የራሱን ጠማማ ታንኳ ግን አልጋው ድረስ ይዞት ይገባል። የጭቃ ላም ሲሠራም እንዲሁ ነው፣ አምስት እግር ቢያወጣላትም ተዉት። ጥላ ሥር ቀስ ብላ ትድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አታውጧት፣ ትሰነጠቃለች።

አሁን የምለውን ደግሞ አደራ። የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጆች ይለቅሙታል፣ መርዝ ነው፣ እንዳይነኩት። ቅንጭብም ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ ባቄላና አተር ለጌጥ አትስጡ፤ ጉሮሮው ላይ ሊቀር ይችላል፣ አፍንጫ ውስጥ ከገባም እዚያው ረጥቦ ያብጣል።

ሥራውን ግድግዳ ላይ ስትለጥፉ ዝቅ አድርጉት፣ በልጁ ዓይን ቁመት ልክ። በእናንተ ቁመት ከተሰቀለ እሱ አያየውም፤ ጎረቤት ሲመጣም እጁን ዘርግቶ «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት አይችልም።